ስምንት ሰዓት ቻርጅ፣ ሁለት ደቂቃ በረራ

ጥያቄ፦ ለአሥር ዓመት ልጄ በሪሞት የሚበር ትንሽ ሄሊኮፕተር ገዛሁለት። ባትሪው እንዲጠነክር ብዬ መጀመሪያ ስምንት ሰዓት ቻርጅ አደረግሁት። ከዚያ ወዲህም ጨርሶ እስኪያልቅ አብርረን ወዲያው መልሰን እንሰካዋለን። ሰባት ደቂቃ ይበር የነበረው አሁን ሁለት ደቂቃ አይሞላም። ለሪሞቱ አዲስ ድንጋይ ብገዛለትም ለውጥ የለም። ልጄ «አባዬ፣ አንተ ነህ ያበላሸኸው» ይለኛል። እውነቱን ነው?
የተከሰሰው አባት

መልስ፦ ይቅርታ ያድርጉልኝና ልጅዎ ሳይረታዎት አይቀርም። ቢሆንም ክሱን የሚጋራዎት አለ፤ ያረጀ ምክር። «ጨርሶ ሲያልቅ ብቻ ሙላው» የሚባለው ለኒኬል ካድሚየም ባትሪ ነበር። በእነዚህ ትንንሽ ሄሊኮፕተሮች ሆድ ውስጥ የሚገኘው ግን ባብዛኛው ሊቲየም ፖሊመር ነው፤ ጠባዩም ሌላ ነው። ሲሞላ 4.2 ቮልት ይደርሳል። ከ3 ቮልት በታች ከወረደ ውስጡ ይጎዳል፣ የተጎዳውንም ቻርጅ አይመልሰውም።

ስለዚህ የሪሞቱን የግራ ዘንግ እስከ ጥግ ገፍተውት ሄሊኮፕተሩ ከፍታ መያዝ ካቃተው በቃ ያሳርፉት። ባትሪ ገዳዩ «አንዴ ብቻ» ተብሎ የሚጨመረው በረራ ነው። እኔም ከደሙ ንጹሕ አይደለሁም። አንድ ማታ የራሴን አሳርፌ፣ ማጥፊያውን ሳልነካ መሳቢያ ውስጥ ከትቼው ተኛሁ። ያቺ የስንዴ ቅንጣት የምታህል መብራት ሌሊቱን ሙሉ ባትሪውን ስትመጠምጥ አደረች። ጠዋት ስሰካው ቻርጀሩ ምንም ምላሽ አልሰጠም፤ ስለካው 1 ቮልት እንኳ አልነበረውም።

ሌላው ጥፋት ጥድፊያው ነው። ሄሊኮፕተሩ እንዳረፈ ሆዱን በጣትዎ ይንኩት፤ ይሞቃል። እስኪቀዘቅዝ ሩብ ሰዓት ያህል ይታገሡ፣ ማብሪያውን ያጥፉ፣ ከዚያ ይስኩት። ቻርጀሩ አብሮት የመጣው ይሁን። የዩኤስቢ ገመዱ ራስ ላይ ያለችው ትንሽ ሳጥን ለጌጥ አልተሠራችም፤ ባትሪው 4.2 ሲደርስ እንዲቆም የምታደርግ ሰሌዳ አለባት። ሰሌዳዋ ብትበላሽ ግን ማን ያቆመዋል? ስለዚህ ተሰክቶ አይደር። አልጋና ምንጣፍ ላይ ሳይሆን ሴራሚክ ላይ አስቀምጠው፣ እያዩት ይሙሉት። 150 ሚሊአምፔር ሰዓት የሚይዝ ባትሪ በ150 ሚሊአምፔር ቢሞላ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል፤ ስምንት ሰዓት ምን ሊሠራ?

የሪሞቱ ድንጋይ በረራውን አያረዝምም፤ ሥራው ትእዛዝ መላክ ነው። ሄሊኮፕተሩ ከሪሞቱ በወጣ ገመድ የሚሞላ ዓይነት ከሆነ ግን ነገሩ ይለያል፤ ድንጋዩ ሲደክም ሄሊኮፕተሩም ግማሽ ሆድ ይቀራል። ድንጋዩን ሲያስገቡ ጠፍጣፋው ጫፍ ወደ ሽቦው ጥቅልል ይዙር፤ አሮጌና አዲስ አይቀላቅሉ።

አሁን ካቻቢቴ ይያዙና ሆዱን ይክፈቱ። ባትሪው እንደ ትራስ ካበጠ አይጫኑት፣ አይብሱት፣ ዳግመኛም ቻርጅ አያድርጉት፤ የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ለሚሰበስቡ ይስጡት። ባያብጥም ሁለት ደቂቃ ብቻ የሚያበርር ባትሪ ዕድሜው አልቋልና ይቀይሩት። አዲሱ ቮልቱም መጠኑም ከአሮጌው እኩል ይሁን። የሽቦውን ቀለም ብቻ አይመኑ፤ ሁለቱን መሰኪያዎች ጎን ለጎን ይዘው ቀዩ በየትኛው በኩል እንደሚገባ ያስተያዩ፤ አምራቾች አንዳንዴ ያገላብጡታል። ሲነቅሉም ሽቦውን አይጎትቱ፣ የመሰኪያውን ራስ በጥፍርዎ ይያዙ። በብየዳ የተያያዘ ከሆነ አንዱን ሽቦ ብቻ ቆርጠው ጫፉን በፕላስተር ይጠቅልሉ፣ ከዚያ ወደ ሁለተኛው ይሂዱ። ሁለቱን ባንድ መቀስ የቆረጠ ሰው ብልጭታውን አይረሳውም።

አዲሱን አሮጌው በነበረበት ቦታ ላይ ልክ ያሳርፉት። ጥቂት ሚሊሜትር ወደ ኋላ ቢሸሽ ሄሊኮፕተሩ ጭራው ይከብደውና ሳያዙት ወደ ኋላ ይንሸራተታል፤ ልጅዎም ሁለተኛ ክስ ይመሠርታል። ለሳምንታት የማይበር ከሆነ ግማሽ ያህል ተሞልቶ፣ 3.8 ቮልት ገደማ ላይ ይቀመጥ።

ለሪሞቱ የገዙትን ድንጋይ አይጣሉት። እስከዚያው አውጥተው ያስቀምጡት፤ አዲሱ ባትሪ ሲገባ ይፈለጋል።