ከጦርነቱ በኋላ በኮቨንትሪ ኑሮ እንዴት ነበር? ጥያቄና መልስ

ስለ እንግሊዟ ኮቨንትሪ ለጠየቃችሁኝ ምላሼ ይኸው። ዘመኑ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በ1945 ካበቃ ራሽኑ (መንግሥት ምግብን በኩፖን እየመጠነ የሚያድልበት ሥርዓት) ለምን አልቀረም?

መልስ፦ እንዲያውም ባሰበት። በጦርነቱ ጊዜ ራሽን ያልነካው ዳቦ፣ ሰላም ከወረደ በኋላ ከጁላይ 1946 ጀምሮ ለሁለት ዓመት በኩፖን ሆነ። አሜሪካ የጦርነት ጊዜ እርዳታዋን በድንገት ስላቋረጠች እንግሊዝ ስንዴ የምትገዛበት ዶላር አጠራት። በዚያ ላይ በይዞታዋ ሥር ያለውን የጀርመን ክፍል ረኃብ ማስታገስ ነበረባት። ኮቨንትሪ በኖቬምበር 14 ቀን 1940 በጀርመን ቦምብ የነደደች ከተማ ናት። ሰዎቿ ከራሳቸው ገበታ ለጀርመኖች መቀነሳቸውን ሳስብ ትልቅ አክብሮት ያድርብኛል።

ጥያቄ፦ እናቶች እንዴት ያብቃቁት ነበር?

መልስ፦ በሰልፍ። ራሽን የሚገዛው ቤተሰቡ ከተመዘገበበት ባለሱቅ ብቻ ነው። ሻይ ለአንድ ሰው በሳምንት 60 ግራም ገደማ ነበር። ሥጋ ግን የሚለካው በዋጋ እንጂ በክብደት ስላልነበር፣ ርካሹን ብልት የመረጠች እናት ብዙ ይዛ ትገባለች። ሥጋ ከራሽን የወጣው በጁላይ 1954 ነው፤ የመጨረሻውም እሱ ነበር።

ጥያቄ፦ ከረሜላስ?

መልስ፦ በኤፕሪል 1949 ተለቀቀ፤ ሱቆቹ ወዲያው ስለተራቆቱ በኦገስት ተመልሶ ራሽን ገባ። ልጆቹ እስከ ፌብሩዋሪ 1953 ጠበቁ።

ጥያቄ፦ የ1947ቱ ክረምት ያን ያህል ከባድ ነበር?

መልስ፦ አዎ። ከጃንዋሪ መጨረሻ እስከ ማርች በረዶ መንገዱንና ሐዲዱን ዘጋ፤ የድንጋይ ከሰል ከማዕድኑ መውጣት አቃተው። በፌብሩዋሪ ኮቨንትሪ ባለችበት በሚድላንድስ የፋብሪካዎች መብራት ተቋረጠ። የመኖሪያ ቤቶችም በቀን አምስት ሰዓት ያለ መብራት ይውሉ ነበር። ኑሮዋ በመኪና ፋብሪካ ለተመሠረተ ከተማ ይህ ማለት ሠራተኛው ሥራ ፈትቶ በበረደ ቤት መቀመጥ ነው።

ጥያቄ፦ ቤታቸው የፈረሰባቸው የት ገቡ?

መልስ፦ ብዙዎቹ ዘመድ ጋ ተጠጉ። አንዳንዶች በመንግሥት ተገጣጣሚ ቤቶች ገቡ። እነዚህ ጊዜያዊ ተብለው ቢሠሩም መታጠቢያና መጸዳጃቸው ከውስጥ ነበር፤ ብዙዎቹም ፍሪጅ ነበራቸው። መጸዳጃው ከጓሮ የሆነበት ቤት ውስጥ ላደገ የሠራተኛ ልጅ ይህ ትልቅ ነገር ነበር።

ጥያቄ፦ ሕክምናስ?

መልስ፦ በእኔ አስተያየት የዘመኑ ትልቁ ለውጥ እሱ ነው። ቀድሞ የመንግሥት የጤና መድን ሠራተኛውን እንጂ ሚስቱንና ልጆቹን አይሸፍንም ነበር። ከጁላይ 5 ቀን 1948 ጀምሮ ሁሉም በነፃ ይታከም ጀመር። ለመነጽርና ለሰው ሠራሽ ጥርስ የመጣው ሰው ብዛት የበጀቱን ግምት አለፈው። በ1951 መንግሥት በእነዚህ ላይ ክፍያ ለመጣል ሲወስን፣ አገልግሎቱን የመሠረተው አኑሪን ቤቫን ተቃውሞ ሥልጣኑን ለቀቀ።