ኬሚስትሪውንም ያዢ፣ ሥነ ጽሑፉንም አትልቀቂ

ለንደን የምትኖር የ16 ዓመት ልጅ እንዲህ ብላ ጽፋልኛለች። «እንግሊዝ የመጣሁት በ11 ዓመቴ ነው። በ16 ዓመት በሚወሰደው የጂሲኤስኢ ፈተና፣ ከ9 ነጥብ በእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ 8፣ በሳይንስ 7 አምጥቻለሁ። ለኤ ሌቨል፣ ማለትም ከዩኒቨርሲቲ በፊት ላለው የሁለት ዓመት ትምህርት፣ ሥነ ጽሑፍ መያዝ በጣም እፈልጋለሁ። አባቴ ግን ‹ልብ ወለድ ቤትሽ ቁጭ ብለሽ አንብቢ፤ ትምህርት ቤት ሐኪም የሚያደርግሽን ተማሪ› ይለኛል። እኔም ሕክምናውን አልጠላውም። ደግሞ እንግሊዝኛ አፌን የፈታሁበት ቋንቋ አይደለም። እችለው ይሆን?»

እህቴ፣ ከደብዳቤሽ ውስጥ «ሕክምናውን አልጠላውም» ያልሽው ዓይኔን ያዘኝ። አንቺና አባትሽ የምታስቡትን ያህል አልተራራቃችሁም። ኤ ሌቨል ላይ አብዛኛው ተማሪ የሚይዘው ሦስት ትምህርት ነው። የብሪታንያ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ደግሞ በብዛት የሚጠይቁት ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ነው። ሦስተኛውን ብዙዎቹ ለተማሪው ይተዉታል። ስለዚህ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂና የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ይዘሽ ሕክምና ማመልከት ትችያለሽ። ካምብሪጅን ካሰብሽ ግን ነገሩ ይለያል። እዚያ አብዛኛው አመልካች የሚቀርበው ሦስቱንም ሳይንስና ሒሳብ አድርጎ ነው።

ከአባትሽ ጋር ስለ ልብ ወለድ ጥቅም አትከራከሪ። በሰው አገር ልጅ የሚያሳድግ ሰው እንጀራ የሚሆን ሙያ ቢፈልግላት አይፈረድበትም። የዩኒቨርሲቲ ማመልከቻ በሚቀበለው ድርጅት በዩካስ በኩል ለሕክምና ማመልከት የሚቻለው 4 ዩኒቨርሲቲ ብቻ ነው። እነዚያን አራቱን ምረጪ፣ የመግቢያ መስፈርታቸውን አትሚ፣ ከሥራ ገብቶ ቡናውን ሲጠጣ ፊቱ አስቀምጪለት። ወረቀቱ ላይ ያለውን አብራችሁ እዩት። ሐሳብሽን ብትቀይሪም ችግር የለም። የሕግ ትምህርት ክፍሎች በአብዛኛው ይህን ትምህርት ካልያዝሽ አይሉም፤ ድርሰት መጻፍ የሚችል ተማሪ ግን ይወዳሉ።

አሁን ወደ ቋንቋው ልምጣ፤ በእውነት ያስጨነቀሽ እሱ ይመስለኛል። እኔም እዚህ የመጣሁት ልጅ ሆኜ ነው። አንድ አስተማሪ «ላንቺ ቀለል ያለ ነገር ይሻልሻል» ብሎኝ አምኜው ተውኩት። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። አንቺ በአምስት ዓመት 8 ያመጣሽ ልጅ ነሽ።

በሁለቱ የኤ ሌቨል ዓመት ለሥነ ጽሑፉ ቢያንስ 8 ሥራዎች ታነቢያለሽ። ሦስቱ ከ1900 በፊት የተጻፉ መሆን አለባቸው፤ ከእነሱ አንዱ የግድ ሼክስፒር ነው። አንዱ ደግሞ ከ2000 ወዲህ የወጣ ይሆናል። ሁሉም ሰው የሚፈራው ሼክስፒርን ነው። ግን እሱ የጻፈበት እንግሊዝኛ እዚሁ ተወልደው ላደጉትም ባዕድ ነው። እንዲያውም አንድ ቦታ ላይ አንቺ ትቀድሚያቸዋለሽ።

በሱ ዘመን እንግሊዝኛ «ዩ» እና «ዛው» የሚባሉ ሁለት ቃላት ነበሩት። «ዩ» በአክብሮት ይባላል። «ዛው» ለቅርብ ሰው ነው፣ ወይም ለተናቀ። ሁለት ሰዎች በ«ዩ» እየተነጋገሩ ሳለ አንዱ ድንገት «ዛው» ሲል ያለ ምክንያት አይደለም። ወይ ፍቅር ነው፣ ወይ ቁጣ ነው፣ ወይ ስድብ ነው። የዛሬው እንግሊዝኛ ይህን ስለጣለው የክፍል ጓደኞችሽ ከግርጌ ማስታወሻ ነው የሚማሩት። አንቺ ግን «አንተ»ና «እርስዎ» ባለበት ቤት ነው ያደግሽው። አንድ ሰው ጎረቤቱን «እርስዎ» ሲል ከርሞ በጠብ መሃል «አንተ!» ቢለው ምን እንደተፈጠረ ማንም ሊያስረዳሽ አያስፈልግም። ጆሮሽ ያውቀዋል። እዚያ ቦታ ላይ ቆም ብለሽ ለምን እንደተቀየረ በአንድ አንቀጽ ከጻፍሽ፣ ፈታኙ የሚፈልገውን ሠራሽ ማለት ነው።

ሥራው ግን ብዙ ነው፤ አልደብቅሽም። ኬሚስትሪ ብቻውን ሳምንት ይበላል። ከሥነ ጽሑፉ ውጤት 80 በመቶው ፈተና ነው። 20 በመቶው ኮርስወርክ፣ ማለትም ከፈተና ውጭ የሚጻፍ ሥራ ሲሆን፣ እሱን በራስሽ ጊዜ እያስተካከልሽ ስለምትጽፊው እንዳንቺ ላለ ልጅ ትልቅ እፎይታ ነው።

ለምዝገባ ስትሄጂ ፈተናውን የሚያወጣው ቦርድ የትኛው እንደሆነ ጠይቂ። ኦሲአር ከሆነ መጽሐፉን ይዘሽ አትገቢም፤ ጥቅሶቹን በቃልሽ መያዝ አለብሽ። ኤድኤክሴል ከሆነ ምንም ያልተጻፈበት ቅጂ ይዘሽ ትገቢያለሽ። በኤኪውኤ እንደ ፈተናው ክፍል ይለያያል። ቦርዱን የሚመርጠው ትምህርት ቤቱ ነው፤ አንቺ ግን በሁለት ሲክስዝ ፎርም (ኤ ሌቨል በሚሰጥባቸው ትምህርት ቤቶች) መካከል የምትዋልዪ ከሆነ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። የመጻሕፍቱንም ዝርዝር ተቀበዪ። ትምህርት ሳይጀመር የሼክስፒሩን ተውኔት ጀምሪው፤ በዓይንሽ ብቻ ሳይሆን ጮክ ብለሽ። አባትሽ ሳሎን ካለ እዚያው አጠገቡ ሆነሽ አንብቢ። «ዛው» የሚለው ላይ ስትደርሺ «አንተ አለው እኮ!» ብለሽ ተርጉሚለት።