ጭንቀት የዓሣን ጾታ ይለውጣል? ጥያቄና መልስ

ስለ ዓሣ ሆርሞኖች ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ በርካታ ጥያቄ ደርሶኛል። የተመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ የዓሣ ጾታ እንደ ሰው በክሮሞሶም አይደለም እንዴ የሚወሰነው?

በብዙዎቹ አዎ፣ ግን ክሮሞሶም ብቻውን አይወስንም። ፔሄሬይ የሚባለውን የአርጀንቲና ዓሣ እንይ። ጫጩቶቹ 17 ዲግሪ ውሃ ውስጥ ካደጉ ሁሉም ሴት ይሆናሉ። በ29 ዲግሪ ሁሉም ወንድ። 25 ገደማ ላይ ወንድም ሴትም ይወጣል።

ጥያቄ፦ ሙቀትና ጭንቀትን ምን አገናኛቸው?

ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። ውሃው ከልክ በላይ ሲሞቅ ጫጩቱ ይጨነቃል፤ ኮርቲሶል በሰውነቱ ይበዛል። እኛም ስንጨነቅ የሚመነጨው ያው ሆርሞን ነው። ኮርቲሶል አሮማቴዝ የተባለው ኢንዛይም በብዛት እንዳይመረት ያደርጋል። አሮማቴዝ ደግሞ የወንዴ ሆርሞንን ወደ ሴቴው ሆርሞን ወደ ኤስትሮጅን የሚቀይር ነው። ኤስትሮጅን ሲያንስ እንቁላል ማፍሪያው አይበቅልም፤ በምትኩ የወንዴው አካል ያድጋል።

በዚህ አያበቃም። ፔሄሬይ ላይ ኮርቲሶልን የሚያበርደው ኢንዛይም ኬቶቴስቶስትሮንን በመሥራትም ይሳተፋል። ይህ የዓሣዎች ዋነኛ የወንዴ ሆርሞን ነው። ሰውነቱ ጭንቀቱን ሊያስታግስ ሲል ወንድነትን ያመርታል ማለት ነው። ስንት ጊዜ ባነበውም ይደንቀኛል።

ጥያቄ፦ ሥራው የሙቀቱ ሳይሆን የኮርቲሶሉ መሆኑ በምን ታወቀ?

ሜዳካ በሚባለው ትንሽ የጃፓን ዓሣ ተፈትኗል። ኤክስ ኤክስ ክሮሞሶም ያላቸው ጫጩቶች ሴት መሆን ነበረባቸው፤ በ33 ዲግሪ ሲያድጉ ግን ከመካከላቸው ወንድ ወጣ። ውሃው ሳይሞቅ ኮርቲሶል ሲሰጣቸውም እንደዚያው ሆነ። ኮርቲሶል እንዳይመረት የሚያግድ መድኃኒት ሲሰጣቸው ደግሞ ሙቀቱ ወንድ ሊያደርጋቸው አልቻለም።

ጥያቄ፦ ከሙቀት ሌላስ?

መጨናነቅ አለ። ዜብራ ፊሽ ጫጩቶች በጠባብ ቦታ ሲታጨቁ ወንዱ ይበዛል። ፍላውንደር የሚባለውን የአሜሪካ ዓሣማ የገንዳው ቀለም ሳይቀር ይነካዋል፤ ሰማያዊ ገንዳ ውስጥ ኮርቲሶሉ ጨመረ፣ ወንዱም በዛ። እኔን የሚያሳስበኝ የሐይቆች መሞቅ ነው። እንቁላል የምትጥል ሴት ካነሰች ዓሣው በምን ይተካል?

ጥያቄ፦ ካደገ በኋላ ቢጨነቅስ?

አብዛኛው አይለወጥም። ወሳኙ ጊዜ የመራቢያ አካሉ ገና ሳይለይ ነው።

ጥያቄ፦ ቆሮሶ አረባለሁ። ወንዱ ቶሎ ስለሚያድግ ጫጩቶቹን በሙቅ ውሃ ላሳድጋቸው?

ተው ወንድሜ። 36 ዲግሪ ገደማ ወንድ እንደሚያበዛ እውነት ነው። ግን ውጤቱ ከዝርያ ዝርያ ይለያያል፣ ጫጩትም ይሞትብሃል። በእጅ መለየት ይሻልሃል። ትንሽ ሲጠነክሩ ገልብጠህ ከሆዱ በታች ተመልከት፤ ወንዱ ሁለት ቀዳዳ አለው፣ ሴቷ ሦስት። የሴቷ መሃለኛው ቀጭን ስለሆነ በደንብ ብርሃን ያዝ።