ብርዱ በየት በኩል ይገባል? የበርና የመስኮት ጥያቄና መልስ

አዲስ አበባ በአናጺ ቤት አድጌ፣ ላለፉት ሃያ ሁለት ዓመታት በሜሪላንድና በቨርጂኒያ በርና መስኮት ስጠግንና ስገጥም ኖሬአለሁ። ዛሬ ሙሉ ቀን ጊዜ አለኝና ጠይቁኝ። ስትጠይቁ ግን ከተማችሁን፣ የቤቱን ዕድሜና መስኮቱ ከእንጨት፣ ከብረት፣ ከአሉሚኒየም ወይስ ከፕላስቲክ መሆኑን ጻፉልኝ። አንድ ነገርም ከወዲሁ ላሳስብ፦ ቤት ውስጥ ከሰል የሚያነድ ወይም በጋዝ የሚሞቅ ሰው አንድም ቀዳዳ ከመድፈኑ በፊት ከእሳቱ ስለሚወጣው መርዛማ ጋዝ ያስብ። ይህን ዛሬ ደጋግሜ እለዋለሁ።

ጥያቄ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ ጋሼ፣ በ1930ዎቹ የተሠራ ቤት ገዛን። መስኮቶቹ እንጨት ናቸው፤ ወደ ላይ ይከፈታሉ፤ መስታወታቸው ነጠላ ነው። አንድ ሻጭ መጥቶ አሥራ አራቱም በፕላስቲክ ይቀየሩ አለን። እንቀይር?

መልስ፦ እህቴ፣ ምንም ነገር አትፈርሙ። የዚያ ዘመን መስኮት የተሠራው ቀስ ብሎ ካደገ፣ ጥቅጥቅ ካለ ዛፍ ነው። ቀለሙና መስታወቱን የያዘው ስቱኮ ከታደሰለት ገና ብዙ ዘመን ያገለግላል። ዛሬ የሚሸጥላችሁ ፕላስቲክ ሲበላሽ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚጠግነው አይገኝም፤ ተነቅሎ ይጣላል።

መጀመሪያ ብርዱ በየት እንደሚገባ እወቁ። ነፋስ ባለበት ቀን ሰንደል ለኩሱና በመስኮቱ ዙሪያ ቀስ ብላችሁ አዙሩት። ጢሱ በተጣመመበት ሁሉ ቀዳዳ አለ። መጋረጃውን ግን አርቁት። እንደ እናንተ ባለ መስኮት ሦስት ቦታ ታገኛላችሁ ብዬ እገምታለሁ፦ መዝጊያው ከመቃኑ ጋር የሚነካካበት ጠርዝ፣ ሁለቱ መዝጊያዎች መሐል ላይ የሚገናኙበት መስመር፣ ሦስተኛው ደግሞ ብዙ ሰው የማያውቀው፣ በገመድ የተንጠለጠለው የብረት ክብደት የሚወርድበት በግራና በቀኝ ያለው ባዶ ሳጥን ነው። ጠርዞቹ ማሸጊያ ጎማ ወይም ስስ የነሐስ ጥብጣብ ይፈልጋሉ። ሳጥኑ ከግድግዳው ጋር የሚገጥምበት ስንጥቅ በማሸጊያ ይደፈን።

ከዚያ በኋላ በውጭ በኩል ሁለተኛ መስታወት ይገጠምለት። ነጠላ መስታወት ሙቀት የሚያሳልፍበት ልክ፣ አሜሪካኖች ዩ ፋክተር የሚሉት፣ ወደ 1 ይጠጋል። ሁለተኛ መስታወት ሲጨመር ወደ ግማሽ ይወርዳል። ጥሩ የሚባለው አዲስ መስኮት ከ0.25 እስከ 0.30 ነው። ትልቁን መንገድ የሚያስኬዳችሁ እንግዲህ የመጀመሪያው እርምጃ ነው፤ ለቀሪው ትንሽ መንገድ ነው ብዙ ገንዘብ የምትጠየቁት።

ቤቱ ከ1978 በፊት የተሠራ ስለሆነ ቀለሙ ውስጥ እርሳስ ይኖራል ብላችሁ ሥሩ። በደረቁ አትፈግፍጉት። ልጆችና ነፍሰ ጡር በአካባቢው አይኑሩ።

ጥያቄ፦ ቤታችን በጣም ይበርዳል፤ ምን እናድርግ?

መልስ፦ ከየት ነው የምትጽፉት? መስኮታችሁ ምንድን ነው? ከላይ የጠየቅሁትን ሳትነግሩኝ ልመልስ አልችልም።

ጥያቄ፣ ከሚኒያፖሊስ፦ ተከራይ ነኝ። ጥር ላይ መስኮቱ በውስጥ በኩል በረዶ ይሠራል። አከራዩ ሲነገረው አይሰማም።

መልስ፦ በመስኮት ላይ የሚለጠፈውን ስስ ፕላስቲክ ግዙ። በዙሪያው በማጣበቂያ ለጥፉትና በፀጉር ማድረቂያ ሲሞቅ ይወጠራል፤ መሐሉ የሚቀረው አየር ብርዱን ያዘገየዋል። በረዶ የሚሠራው የቤቱ እርጥበት ቀዝቃዛ መስታወት ሲያገኝ ነው፤ ወጥ ስትሠሩ ክዳን ክደኑ፣ የወጥ ቤቱን ማራገቢያ አብሩ፣ ልብስ ቤት ውስጥ አታስጡ። ለማምለጫ የሚሆነውን መስኮት ግን ፈጽሞ አትቸንክሩ።

አስተያየት፣ ከዴንቨር፦ አከራዩ የማሞቅ ግዴታ አለበት፤ ኪራይ መክፈል ያቁሙ።

አስተያየት፣ ከሚኒያፖሊስ፣ ሌላ ሰው፦ እንዲህ ያለ ምክር ሰውን ከቤት ያስወጣል! እኔ ራሴ ኪራይ አቁሜ ፍርድ ቤት ተጠርቻለሁ። በጽሑፍ ማመልከት ይቀድማል።

አስተያየት፣ ከዴንቨር፦ በጽሑፍ አመልክቼ ስድስት ወር ጠብቄአለሁ። ምን ተገኘ?

መልስ፦ ሕጉ በየክፍለ ግዛቱ ስለሚለያይ የሕግ ሰው ጠይቁ። ወደ መስኮቱ እንመለስ።

ጥያቄ፣ ከአዲስ አበባ፣ አራት ኪሎ አካባቢ፦ የአባቴ ቤት የድሮ የብረት መስኮት ነው። በየጠርዙ ነፋስ ይገባል፤ ሁለቱ ጭራሽ አይዘጉም።

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። የብረት መስኮት የማይዘጋው አብዛኛውን ጊዜ ጠሞ አይደለም፤ በየበዓሉ ቀለም በቀለም ላይ ስለተደረበበት ነው። መዝጊያው ከፍሬሙ የሚገናኝበትን ጠርዝ እስከ ብረቱ ድረስ ፍቁት፤ ዝገቱን በብረት ብሩሽ አንሱ፤ ጸረ ዝገት አንድ እጅ ቀቡ። ማጠፊያውን ዘይት አጠጡት። ይህ ብቻ ግማሹን ችግር ያቃልላል።

ቀጥሎ ያለውን ስልት ከአባቴ አይደለም የተማርሁት፣ እዚህ ነው፤ ነገር ግን ለአዲስ አበባ ብረት መስኮት ከዚህ የተሻለ አላውቅም። በፍሬሙ ጠርዝ ዙሪያ ሲሊኮን ሳይቆራረጥ በአንድ መስመር አፍስሱ። በመዝጊያው በኩል ሲሊኮኑ የሚነካውን ቦታ በፈሳሽ ሳሙና ቀቡት ወይም ስስ ፕላስቲክ አልብሱት። ከዚያ መስኮቱን ቀስ አድርጋችሁ ዝጉት፤ አጥብቃችሁ አትቆልፉት። በማግስቱ ስትከፍቱት ሲሊኮኑ ከፍሬሙ ጋር ተጣብቆ፣ ከመዝጊያው ተላቅቆ ታገኙታላችሁ። የዚያን መስኮት ጉድለት ሁሉ በልኩ የሞላ ጎማ ሆነ ማለት ነው። ሲሊኮን ቀለም ስለማይዝ ቀለሙን አስቀድማችሁ ጨርሱ። መስታወቱን የያዘው ስቱኮ ተሰነጣጥቆ ከሆነም አውጥታችሁ አዲስ ሙሉበት።

የአባትዎ ቤት ቡና የሚፈላው በከሰል ከሆነ፣ ይህን ሁሉ ካሸጋችሁ በኋላ ቡናው ሲፈላ መስኮት ይከፈት።

አስተያየት፣ ከቦሌ፦ ለምን ይደክማሉ? ነቅለው አሉሚኒየም ያስገጥሙ፤ ዘመናዊ ነው።

አስተያየት፣ ከአራት ኪሎ፦ ወንድሜ፣ የአሉሚኒየሙን ዋጋ ሰምተዋል?

አስተያየት፣ ከቦሌ፦ የእኔ አሉሚኒየም ነው፤ አንድም ቀን አልበረደኝም።

መልስ፦ የማይበርድዎት ፀሐይ የሚያገኝ ቤት ስላለዎት ይሆናል። አሉሚኒየም ሙቀትን ከእንጨት ከሺህ ጊዜ በላይ ያስተላልፋል። ፍሬሙ መሐል ላይ ሙቀት በማያሳልፍ ነገር ካልተከፈለ በቀር፣ ከውስጥ ወደ ውጭ የተዘረጋ ድልድይ ማለት ነው። ተንሸራታቹ ዓይነት ደግሞ የሚታሸገው በብሩሽ ስለሆነ ብሩሹ ሲያልቅ ነፋሱ እንደልቡ ይገባል፤ ብሩሹን ብቻ ማስቀየር ይቻላል። ከታች ያሉትን ትንንሽ ቀዳዳዎች ግን ማንም እንዳይደፍናቸው! የዝናብ ውኃ መውጫ ናቸው፤ ከተደፈኑ ክረምት ላይ ውኃው ወደ ሳሎን ይገባል።

ጥያቄ፣ ከአሌክሳንድሪያ፦ መስኮት ለሚቀይር የፌዴራል መንግሥት ግብር ይቀንሳል ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ ነበር። ከዋጋው 30 በመቶ፣ ለመስኮት በዓመት እስከ 600 ዶላር ይቀነስ ነበር። ከፈረንጆቹ 2025 ማብቂያ በኋላ ለተገጠመ አይሠራም።

አስተያየት፣ ከአሌክሳንድሪያ፦ ሻጩ ግን አሁንም አለ ብሎኛል።

መልስ፦ የለም አልሁ። የሚቆጠረው የተገጠመበት ቀን ነው። የመብራት ድርጅታችሁ የሚሰጠው ድጋፍ ካለ እሱን ጠይቁ።

ጥያቄ፣ ከአትላንታ፦ በሁለቱ መስታወቶች መሐል ጉም አለ፤ አይጠረግም።

መልስ፦ ማሸጊያው ተበላሽቶ እርጥበት ገብቷል። መስታወቱን ብቻ በልኩ አሠርታችሁ ቀይሩ፤ ፍሬሙ ደኅና ከሆነ አይነካ።

ጥያቄ፣ ከደብረ ብርሃን፦ በሬ ቆርቆሮ ነው፤ ከሥሩ ሦስት ጣት ክፍት ነው። ኅዳር ላይ ሌሊቱ አያስተኛም፤ ከሰል አስገብተን ነው የምናድረው። በምን ልድፈነው?

መልስ፦ ልጄ፣ ዛሬ ማታ ከሰሉን አውጣው። በሩን አትድፈን፤ አስቀድመህ ከሰሉን አውጣ። ከሰል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ ሰው ሳይነቃ በተኛበት ይወስዳል። ፍሙ ቀልቷልና ጢስ የለውም ማለት ጋዝ የለውም ማለት አይደለም። እስካሁን ያቆያችሁ ያ ሦስት ጣት ክፍተት ሊሆን ይችላል።

ከሰሉ ለሌሊቱ ከቤት ከወጣ በኋላ ደፍ አብጅ፦ መሬቱ ላይ ከበሩ ጀርባ አንድ ጣውላ ወይም ሲሚንቶ ከፍ አድርግ፣ በሩ ሲዘጋ እዚያ ላይ እንዲያርፍ። ከበሩ ታችኛው ጠርዝ ላይ የአሮጌ መኪና ጎማ ከውስጡ ያለውን ስሱን ከመነዳሪ ቆርጠህ በብሎን እሰረው፤ መሬቱን በትንሹ ይንካ። በውስጥ በኩል ከበሩ ላይ እስከ መሬት የሚደርስ ወፍራም መጋረጃ ወይም ብርድ ልብስ ስቀል። ፀሐይ ሲወጣ የምሥራቁን መስኮት መጋረጃ ክፈት፤ ሳይመሽ ዝጋው።

ጥያቄ፦ የትኛው መስኮት ነው ጥሩ?

መልስ፦ አገርና ከተማ ሳይነገረኝ መመለስ አልችልም ብያለሁ። አሜሪካ ከሆናችሁ መስታወቱ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አንብቡ፤ ዩ ፋክተሩ ባነሰ ቁጥር የተሻለ ነው።

ጥያቄ፣ ከሲያትል፦ የፊት በራችን ከላይ በቀኝ በኩል ይነካል፣ ከታች ብርሃን ይታያል። አዲስ በር ልግዛ?

መልስ፦ በሩ ወርዶ ነው እንጂ አላረጀም። ላይኛው ማጠፊያ ላይ ያሉት ብሎኖች አጫጭር ናቸው፤ የሚይዙት ስሱን መቃን ብቻ ነው። ወደ መቃኑ ከሚገቡት መሐል አንዱን በካቻቪቴ ፍታና በምትኩ ሰባት ሴንቲ ተኩል የሚሆን ረጅም ብሎን ወደ ግድግዳው ምሰሶ አስገባ። ስታጠብቀው በሩ ወደ ላይ ሲነሣ በዓይንህ ታየዋለህ። ከዚያ ደፉ ላይ ብሎኖች ካሉ አዙራቸው፤ ብዙ ደፎች በእነሱ ከፍ ይላሉ። ወረቀት በበሩ መሐል አድርገህ ዝጋ፤ ስትጎትተው ትንሽ ካስቸገረህ ልኩ ይኸው ነው። ቤታችሁ በጋዝ የሚሞቅ ከሆነ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ከመኝታ ክፍሎቹ አጠገብ ይኑር።

ጥያቄ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ ጋሼ፣ ቀደም ብዬ የጠየቅሁት ነኝ። ሰንደሉን አዞርነው። በመስኮቶቹ ዘንድ ጢሱ ትንሽ ነው የተጣመመው። ኮሪደሩ ላይ ወደ ጣሪያው በሚያስወጣው በር ሥር ግን ወደ ላይ ተመዘዘ።

መልስ፦ አያችሁ፣ እህቴ! የሞቀው አየር በዚያ ሲወጣ ቀዝቃዛው በሌላ በኩል እየተሳበ ይገባል። የዚያን በር ጠርዝ በማሸጊያ ጎማ ዙሩት፤ በጀርባው ወፍራም ፎም ለጥፉበት፤ ከከበደ መወርወሪያ አድርጉለትና ወደ ጎማው ይጫን። የአንድ ቅዳሜ ሥራ ነው። መስኮቶቹን ከዚያ በኋላ እንደገና በሰንደል ፈትሹና ጻፉልኝ።