ተጠርቻለሁ ለምትሉኝ ልጆች

ሰሞኑን ብዙዎቻችሁ የምትጠይቁኝ አንድ ጥያቄ ነው። «ጋሼ፣ ጌታ ለአገልግሎት እየጠራኝ ይመስለኛል፤ በምን ልወቅ?» አንዳንዱ እንዲያውም የሥራ መልቀቂያውን ጽፎ ጨርሷል። ከኔ የቀረው «አሜን» ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ቶሎ አሜን አይወጣኝም።

ዕድሜዬን የጨረስኩት በወንጌል አገልግሎት ነው። አሁን ጡረታ ላይ ነኝ (ባለቤቴ «የታል ጡረታው?» ትላለች፣ ስልኩ መጮኹን አልተወም)። ስለዚህ የማውቀውን ሳልሸፋፍን ልንገራችሁ።

ለጥሪህ ብቻህን አትመስክር። ጉባኤ ላይ እንባህ መጣ፣ ትንቢት ተነገረልህ፣ ሸክም ተሰማህ፤ ጥሩ ነው፣ አልንቀውም። ግን የሚያውቁህ ሰዎች ምን ይላሉ? አብሮህ አንድ ክፍል የተከራየው ልጅ፣ ገንዘብ ያበደረህ ጓደኛህ፣ ከሁሉም በላይ እናትህ። የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ የሆነ ሰው መድረክ ላይ ሲወጣ አይሻለውም፤ ይብስበታል። እነሱ «ይሄ ልጅ ሰው ይወዳል፣ ቃሉን ይጠብቃል» ካሉ፣ ያኔ እኔም አሜን እላለሁ።

ሁለተኛው ነገር ለዛሬ ልጆች ይከብዳል መሰለኝ። አንድ ቦታ ቆዩ። ዛሬ ሐዋሳ፣ ነገ አዳማ፣ ከነገ ወዲያ ዱባይ እየተባለ፣ በየሄዱበት ያችኑ የተለመደች ስብከት እየደገሙ መኖር ይቻላል፤ ጭብጨባም አለው። ግን ማን ታመመ፣ ማን ከሥራ ተባረረ፣ የማን ትዳር እየፈረሰ ነው ብትሉት አያውቅም። ያጋባኋቸውን ሰዎች ልጆች አጋብቻለሁ፣ ካጋባኋቸውም የቀበርኳቸው አሉ። እውነቱን ለመናገር፣ የሰው ፊት አይቶ ማወቅን የተማርኩት ከዚህ መቆየት ነው።

ወላይታን ተመልከቱ። በ1929 ዓ.ም ጣሊያን እዚያ ወንጌል ይሰብኩ የነበሩትን የውጭ ሚስዮናውያን ሲያስወጣ የተጠመቁት አማኞች 48 ብቻ ነበሩ። መሪ የለ፣ በጀት የለ፣ በቋንቋቸው የተተረጎመው መጽሐፍ እንኳ ጥቂት ነበር። ከመካከላቸው የተነሱት እንደ ዋንዳሮ ያሉ መሪዎች ታሰሩ፣ ተገረፉ፤ የቀሩት ስንቅ እየቋጠሩ ወደ እስር ቤት ተመላለሱ። ሚስዮናውያኑ ሲመለሱ የጠበቃቸው ወደ 10,000 የሚጠጋ አማኝ ነው። ይህን የሠራው ከዚያው አፈር የበቀለ፣ ጎረቤቱን በስሙ የሚያውቅ፣ ከፊሉም ማንበብ የማይችል ገበሬ ነው።

ቄስ ጉዲና ቱምሳንም አንሱ። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ነበሩ። ደርግ እያሰረ ሲፈታቸው ከአገር የሚወጡበት መንገድ ተመቻችቶላቸው ነበር፤ ምእመናኑን ትቼ አልሄድም አሉ። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም አዲስ አበባ ውስጥ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ታፈኑ፣ ተገደሉ። አስከሬናቸው የተገኘው መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ነው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳም ታስረው ብዙ ዓመት ማቅቀዋል። ይህን የምነግራችሁ ሞትን እንድትመኙ አይደለም፣ እግዚአብሔር ይጠብቃችሁ። ግን «በር ተከፈተልኝ» ስትሉ፣ በሩ ሁልጊዜ ወደ ውጭ ብቻ የሚከፈት ከሆነ ቆም ብላችሁ አስቡበት።

መቆየት በተግባር ምን ይመስላል? ለቅሶ ቤት ስትሄዱ መጀመሪያ ተቀመጡ። ጥቅስ ለመጥቀስ አትቸኩሉ። ልጇን ለቀበረች እናት በዚያው ቀን «ለበጎ ነው» ማለት ጭካኔ ነው፣ በመጽሐፍ ቅዱስ ቃል ቢታጀብም። ድንኳኑ ከተነሳ፣ ዘመድ ከተበተነ በኋላ ተመልሳችሁ ሂዱ። አንድ ጊዜ ባሏ የሞተባት እህት ቤት ከወር በኋላ ብሄድ የሰውዬው ጫማ በሩ ሥር ተቀምጧል፣ ተወልውሏል። እኔ ምንም አልተናገርኩም። ቡናው ሲቀርብ ግን ራሷ ስለ ጫማው ጀመረች፤ የት እንደገዛው፣ እንዴት እንደሚቆጥበው፣ ለማን ልስጠው ብላ እንደተቸገረች። ሦስተኛው እስኪጠጣ አላባራችም። የዚያን ቀን ስብከት አልሰበክሁም፣ ስወጣ ብቻ አጭር ጸሎት ጸለይን።

ሆስፒታልም እንደዚሁ። ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ፣ በአጠገቡ ያለውም በሽተኛ ነው። እና እባካችሁ፣ እባካችሁ፣ ለታመመ ሰው ስትጸልዩ ስልክ አታውጡ። የሰው ስቃይ ለቲክቶክ አይሆንም።

ስለ ገንዘብ ደግሞ በግልጽ እናውራ። ደመወዝ ስንት ነው ብሎ መጠየቅ ሥጋዊነት አይደለም። የኪራይ፣ የልጅ ትምህርት ቤት፣ የዘይት ዋጋ ጥሪ አለኝ ብትሉትም አይቀንስም። እጮኛ ያላችሁ ቀድማችሁ ንገሯት፣ ቁጥሩን ጠርታችሁ ንገሯት፤ ከጋብቻ በኋላ «እኔ እኮ አገልጋይ ነኝ» ማለት አይሠራም። ሙያ ያላችሁም ሙያችሁን አትጣሉ። ጳውሎስ ድንኳን ሰፊ ነበር፤ ቄስ ጉዲናም ከቅስናቸው በፊት ነቀምት ሆስፒታል ውስጥ ሠርተዋል። የራሱ እንጀራ ያለው አገልጋይ ሀብታሙን ምእመን ሲገሥጽ ድምፁ አይንቀጠቀጥም።

እህቶቼ፣ ለናንተም አንድ ነገር አለኝ። በደርግ ጊዜ ጸሎት ቤቶች ሲታሸጉ ቤታቸውን የከፈቱት አብዛኞቹ እናቶች ነበሩ። ጎረቤት ሲጠይቅ «ቡና ጠርቼ ነው» እያሉ፣ ውስጥ ግን ጥናት ነበር። ማንም «አገልጋይ» ብሎ አልጠራቸውም። ጥሪ የላቸውም የሚል ካለ እኔ ጋ ይላክ፣ እናወራለን።

ማዕረግ ላይ አልቆይም። «ነቢይ» እና «ሐዋርያ» ቢዝነስ ካርድ ላይ ሲታተም ሳይ ያስቀኛል፣ በቃ።

ነገረ መለኮት ተማሩ፣ በጣም ተማሩ። ግን ትንሽ አገልግላችሁ ግቡ፤ ጥያቄ ይዞ የሚገባ ተማሪ ይበልጥ ይጠቀማል። ቢቻል ቤተ ክርስቲያናችሁ ትላካችሁ። ሽማግሌዎቹን ጠይቁ። «ለጊዜው ቆይ» ካሏችሁ አታኩርፉ፣ ሌላ ጉባኤም አትክፈቱ። ያንን ዓመት የልጆቹን ክፍል ያዙ። የሰባት ዓመት ልጅ ስብከታችሁ ከደበረው አያዛጋም፣ ተነስቶ ነው የሚሄደው። ደግሞም የልጆች አስተማሪ ሞልቶናል የምትል ቤተ ክርስቲያን እስካሁን አላየሁም፤ እሁድ ጠዋት ቀደም ብላችሁ ሂዱና ጠይቁ።