ሩቢ ላይ ዜሮ «ኢፍ»ን ለምን ያልፋል? ለጠየቅሽው እህት

«ከፓይተን ወደ ሩቢ እየተሻገርኩ ነው። የዕቃው ብዛት ዜሮ ሆኖ እያለ ኢፍ ውስጥ ያለው ኮድ ለምን ይሠራል?» ላልሽው፤ ኮምፒውተርሽ ጤነኛ ነው። (ለሌላው አንባቢ፦ ፓይተንና ሩቢ የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋዎች ናቸው፤ ኢፍ (if) «ከሆነ» ማለት ነው፣ የተሰጠው ነገር እውነት ከሆነ ብቻ ውስጡ ያለው ኮድ ይሠራል።) «ሩቢን አጥፍተሽ እንደገና ጫኚ» ያሉሽን አትስሚያቸው።

1. ሩቢ እንደ ሐሰት የሚቆጥረው ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ ፎልስ (false፣ ሐሰት) እና ኒል (nil፣ «ምንም የለም»)። ሌላው በሙሉ እውነት ነው። ዜሮም፣ ባዶ ስትሪንግም (ጽሑፍ)፣ ባዶ አሬይም (ዝርዝር)። ፓይተን ግን ሦስቱንም ሐሰት ይላቸዋል። ስለዚህ «ኢፍ ብዛት» ብለሽ አትተዪው፤ «ኢፍ ብዛት > 0» በዪ። ለአሬይ ባዶ መሆኑን የሚጠይቅ «ኤምፕቲ?» (empty?) የሚል ሜተድ (ትእዛዝ) አለልሽ።

2. ብዛቱ ኒል ሆኖ ከመጣ ግን «> 0» ራሱ ኢረር (ስህተት) ይሰጥሻል። ይቺን ማንም አይነግርሽም፤ ለኔም የነገረኝ የለም። የተቀጠርኩበት ቦታ ከኔ በፊት የነበረው ሰውዬ የፓይተኑን ኮድ መስመር በመስመር ወደ ሩቢ ገልብጦ ሄዷል። ያለቀ ዕቃ ሁሉ «አለ» ይላል። ደንበኛ ይከፍላል፣ ዕቃው የለም። አለቃችን ኮዱን ከፍቶ እንኳ ሳያይ «አዲሱ ልጅ ነው ያበላሸው» አለ። ያውም ስብሰባ ላይ! እኔም ዝም ብዬ አይአርቢን (irb፣ የሩቢ ኮድ ጽፈሽ መልሱን ወዲያው የምታዪበት) ከፈትኩና ሁሉም እያየ «!!0» ብዬ ጻፍኩ፤ «ዜሮ እውነት ነው ወይስ ሐሰት?» ማለት ነው። «ትሩ» (true፣ እውነት) ብሎ መለሰ። አለቃዬ ስክሪኑን አየ፣ ስልኩን አየ፣ ወደሚቀጥለው አጀንዳ አለፈ። ይቅርታ የለ፣ ምን የለ።

ያስተካከልኩት እኔው ነኝ። ኢፉን «> 0» አደረግኩት፤ ኒል በሚመጣበት ቦታ ሁሉ ደግሞ «ቱ_አይ» (to_i) ጨመርኩ፤ ኒልን ዜሮ ያደርገዋል። ከዚያ በኋላ ያለቀ ዕቃ አልተሸጠም። በዚህስ ብኮራ አይፈረድብኝም።

ቁጥሩን ረሳሁት፣ ብቻ ሌላም አለ። የፓይተኑ ኤሊፍ (elif፣ «ያ ካልሆነ፣ ይህ ከሆነ») እዚህ ኤልሲፍ (elsif) ነው። «ኤልስ ኢፍ» ብለሽ ለያይተሽ ከጻፍሽው አዲስ ኢፍ ትከፍቻለሽ፤ እሱም የራሱን ኤንድ (end፣ መዝጊያ) ይፈልጋል። ኢረሩ ደግሞ ብዙ ጊዜ የፋይሉ መጨረሻ ላይ ስለሚጠቁምሽ ያለቦታው ስትፈልጊ ትውያለሽ። አንለስን (unless፣ «ካልሆነ») ከኤልስ (else፣ «አለዚያ») ጋር አታጣምሪው። ይፈቀዳል፣ ግን ነገ ራስሽም አታነቢውም። አንለስ ኤልሲፍን ደግሞ ጭራሽ አይቀበልም።

ምርጫው ከበዛ ኬስ እና ዌን (case/when፣ አንድን ነገር ከብዙ አማራጭ ጋር ማነጻጸሪያ) ተጠቀሚ። ብሬክ (break፣ ማቋረጫ) አያስፈልገውም፤ አንዱ ዌን ከገጠመ ሌሎቹን አያይም። «ዌን 1..5» ብለሽ ከአንድ እስከ አምስት ያለውን በአንድ መስመር ትይዣለሽ።

አሁንም እምቢ ካለሽ ኢፍ ያለበትን መስመር እዚሁ ለጥፊው፤ ብዛቱ ከየት እንደሚመጣም አብረሽ ጻፊ።