መልስ፦ ስለ አጥንት መሳሳት ቪዲዮ ማሳየት ይጠቅማል ወይ?

ጠያቂያችን፣ በጎንደር ለዕድራችሁ እናቶች ስለ አጥንት መሳሳት ቪዲዮ ማሳየት ይጠቅም እንደሆነ ላነሱት ጥያቄ መልሴ አዎ ነው፤ አጭርና በአማርኛ የተነገረ ከሆነ። በሽታው አጥንት እስኪሰበር ድረስ ብዙውን ጊዜ ምልክት ስለማይሰጥ፣ ጤነኛውንና የሳሳውን አጥንት ጎን ለጎን አድርጎ፣ የወር አበባ ከተቋረጠ በኋላ የኤስትሮጅን (አጥንትን የሚጠብቅ የሴቶች ሆርሞን) መቀነስ የሚያስከትለውን ጉዳት በሥዕል ማሳየት ከብዙ ንግግር ይበልጣል። የጀርባ መጉበጥና የቁመት ማጠር የእርጅና ወግ ብቻ ሳይሆን የአከርካሪ ስብራት ምልክት ሊሆን እንደሚችልም ይነገር። ወተትና አይብን ብቻ የሚደጋግም ቪዲዮ ግን በዐቢይ ጾም 55 ቀን ሙሉ ወተት ለማትቀምስ እናት እምብዛም አይረዳም (እኔን ቅር የሚያሰኘኝም ይኸው ነው)፤ ስለዚህ እንደ ወተት ሁሉ ለአጥንት የሚበጅ ካልሲየም ያላቸው ጤፍ፣ ጎመንና ሰሊጥ ይታከሉበት። ከቪዲዮው በኋላ ጥያቄ የሚመልስ ነርስ ቢገኝ፣ ከ50 ዓመት በላይ ሆነው በቀላል አወዳደቅ አጥንታቸው የተሰበረውን ለይቶ ወደ ሐኪም መላክ ይቻላል።